የገጨኝን አውቶሞቢል ስሳፈር

በዚህ ከተማ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነው! ምን ታፈጡብኛላችሁ? መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ፍረዱ። ይህን የምለው አውቶሞቢል ስላለኝ አይደለም። እንዲያውም ከሁለት ወር በፊት አንዱ ሾፌር የግራ እግሬን ሰብሮ፣ ጡሩምባውን ነፍቶልኝ ሄዷል። ግን ችሎት ሰውን ያስተምራል፤ እኔንም አስተምሮኛል።

እንደምታውቁት ሥራዬ አራዳ ላይ ተቀምጦ የሰው አቤቱታ መጻፍ ነው። ያን ጠዋት ከአፍንጮ በር ቀለሜንና ብዕሬን ይዤ ወረድኩ፤ ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ጨረስኩና ላቤን ስጠርግ፣ ጣራ የሌለው አውቶሞቢል አቧራውን እያስነሣ መጣ። ሰው ሁሉ አጥር ላይ ተንጠላጠለ። እኔ ግን ሕግ አዋቂ አይደለሁ? መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀኝ እጄን አነሣሁና «በንጉሥ አምላክ!» አልኩ። እናንተዬ፣ በዚህ ቃል የማይቆም ማን አለ? ሌባ ይቆማል፤ ዱላ ያነሣ ባል ይቆማል፤ ተበዳሪ እንኳ ይቆማል! አውቶሞቢሉ ግን... እግሬን ሰብሮ አለፈ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ (ለቅሶ መድረሱ ይሆናል!) ከዚያ ሸሸ። መሸሽ ከተባለ ነው እንግዲህ! አውቶሞቢል በጣት በሚቆጠርበት ከተማ ወዴት ይሸሻል? ሕፃን ሁሉ በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ያውቀዋል። ምስክር ስፈልግ ግን ያ አጥር ላይ የተንጠላጠለ ሕዝብ በሙሉ አቧራውን ብቻ አይቶ ተገኘ።

ወጌሻው እግሬን በቀርከሃ ጠፍሮ «እስከ ፋሲካ ዳገት የለም» አለኝ። ዳገት የሌለው መንገድ አዲስ አበባ ውስጥ ካያችሁ ንገሩኝ። ባለቤቴ የሺመቤት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፦

«ገንዘብ እንዳይጠይቁ» አለች።

«ታዲያ ምን ልጠይቅ?»

«ሰጋር በቅሎ! ገንዘቡማ ለወጌሻው ያልቃል፤ በቅሎ ግን አራዳ ያደርስዎታል።»

እውነቷን ነው። አራዳ ካልደረስኩ ቤታችን ውስጥ እሳት አይነድም። ሰጋር በቅሎ ይካሰኝ ብዬ ከሰስኩ።

ሾፌሩ ተሰማ ይባላል። በኮቱ ላይ ኩታ ደርቦ፣ ሰርግ የተጠራ መስሎ ችሎት ቀረበ።

«ሰውየውን ገጭተሃል?» አሉት ዳኛው።

«እኔ ምን በወጣኝ ጌታዬ! አውቶሞቢሉ ነው።»

«የሚነዳው ማን ነው?»

«አውቶሞቢሉ የጌታዬ ነው።»

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች አሉ!

«እሺ፣ ‹በንጉሥ አምላክ› ሲልህ ለምን አላቆምክም?»

ይህ ቃል ከዳኛው አፍ ሲወጣ ችሎቱ በሙሉ ብድግ አለ። እኔም በአንድ እግሬ ብድግ አልኩ።

«ይኸው ጌታዬ!» አለ ተሰማ። «እኔም እንደዚሁ ብድግ አልኩ! የንጉሥ ስም ተጠርቶ ተቀምጬ ልስማ? ብድግ ስል ጊዜ እግሬ ከፍሬኑ ላይ ተነሣ።»

ችሎቱ በአድናቆት አጉተመተመ። እኔም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ትንሽ አሳመነኝ።

«ከዚያስ ለምን ሸሸህ?»

«ጌታዬ ለምሳ እየጠበቁኝ ነበር።»

ዋስ ጥራ ተባለ። ጌታው «ዋስ አልሆነውም፤ ነገር ግን ከሥራው እንዳይቀርብኝ» ብለው ላኩ። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል፤ ደንባችን ነው። የኩታዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠሩና «እስከ ቀጠሯችሁ እንዳትለያዩ» አሉን። ተሰማ ሥራው ላይ ሲወጣ እኔ ወዴት ልሂድ? የሰበረኝ አውቶሞቢል ላይ ወጣኋ!

የመጀመሪያውን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ስደግም ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ዓይኔን ገለጥኩ። ያ ነፍሴን የሚያወጣው ዳገት ለካ ሦስት ጊዜ እስክትተነፍሱ ያልቃል! በሦስተኛው ቀን መንገደኛው እጅ ሲነሣኝ በአገጬ መለስኩለት። በአራተኛው ቀን፦

«ተሰማ፣ ጡሩምባዋን እኔ ልንፋት?» አልኩት።

«ይንፏት እንጂ ጋሼ!»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የተወጋውን መቀመጫ ሰጥተው አላዩትም!

አንድ ቀን የሺመቤትን ደጃፋችን ላይ አገኘናት።

«በቅሎውስ?» አለች።

«አንቺ ሴት፣ በቅሎ ምን ይሠራልሻል? ገለል በይ አቧራ እንዳይነካሽ!»

ቀጠሮው ሲደርስ ይራዘምልኝ ብሎ ያመለከተው ማን መሰላችሁ? እኔው ነኝ። በራሴ ብዕር፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ባለፈው ማክሰኞ ቆዳ የተሸከመ ነጋዴ መንገዱ መሐል ቆመ። ጡሩምባዬን ነፋሁ። አይሰማም! ምን ዓይነት ሕዝብ ነው፣ መንገዱ የእሱ ብቻ ነው? ሰውየው ሸክሙን አስተካከለና ቀኝ እጁን አነሣ። እጁን ሳይ ሆዴ ባባ።

«በንጉሥ አምላክ!»

ተሰማ ብድግ አለ። እኔንም ኩታው ጎተተኝ ብዬ ልዋሽ? አልጎተተኝም፤ በገዛ ፈቃዴ ብድግ አልኩ። ፍሬኑ ላይ የአንድ ክርስቲያን እግር አልነበረም። ቆዳው ወዲያ፣ ነጋዴው ወዲህ...

«ጋሼ፣ ምን ይሻለናል?» አለኝ ተሰማ።

ነጋዴው እግሩን ይዞ ተቀምጧል። ሕመሙን አውቀዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደሚጠዘጥዘው ሁሉ አውቀዋለሁ። አፌ ግን ያለው «ንዳው!» ነው። ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ ዳኛው ፊት ነበርን።

«አንተ ራስህ የተሰበርክ ሰው፣ ምን ሆነህ ሸሸህ?»

«ጌታዬ፣ ለምሳ እየጠበቁን ነበር።»

ነጋዴው ምን ካሣ ጠየቀ? ሰጋር በቅሎ! ያውም ከእኔ ጭምር። ዋስ ጥራ ስባል ወደ የሺመቤት ሰው ላክሁ። የመለሰችው ይኸው፦ «ዋስ አልሆነውም፤ ነገር ግን ከሥራው እንዳይቀርብኝ።»

ስለዚህ አሁን በቀኜ ተከሳሼ፣ በግራዬ ከሳሼ፣ እኔ መሐል ሆኜ በሁለት ቋጠሮ ታስሬ በከተማው እዞራለሁ። ይህንንም የምጽፍላችሁ እዚያው አውቶሞቢሉ ላይ ሆኜ ነው፤ ፊደሌ ቢንቀጠቀጥ አትፍረዱብኝ። ቆዳ ነጋዴው የመጀመሪያውን ቀን ዓይኑን እንደ ጨፈነ ዋለ። ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ገና ከአሁኑ አንገቱን በትከሻዬ ላይ አስግጎ፦

«ጸሐፊ፣ ጡሩምባዋን አንዴ ብቻ ልንፋት?» ይለኛል።

«ኧረ ወንድሜ፣ ሕመምህን አክብር!» አልኩት። «እኔ እንኳ እስከ አራተኛው ቀን ታግሻለሁ።»