ሽማግሌ የተላከበት ሚሞሪ

ዕቃው እንዳይሸጥበት የሚሰጋ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዓለም ከተማ ላይ ገጥሞኛል። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣሉ። ይሸጣሉ የምለው ሱቅ ስላላቸው ነው እንጂ ሲሸጡስ አላየሁም።

ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደርበት ኮምፒውተር ቢንቀራፈፍብኝ፣ ያፈጥነዋል የተባለውን ሚሞሪ ልገዛለት ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝና መልሰው ቆለፉበት።

«ዛሬ ብሸጥልህ ነገ በዚህ ዋጋ አልተካውም» አሉኝ።

«ነገ ልምጣ?»

«ነገማ ይጨምራል፤ ለምን እሸጠዋለሁ?»

ምን ላድርግ? ሦስት ሽማግሌ ላክሁባቸው። እሳቸውም ልጁን እንደተጠየቀ አባት፣ ስለ ኮምፒውተሬ ዕድሜና ጠባይ፣ ቤቴ መብራት ይቆራረጥ እንደሆነም ጠይቀው፣ «ዘመድ ላማክር፤ በሳምንቱ ተመለሱ» አሏቸው። በሳምንቱ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀን። ከፍዬ ወሰድኩ። ጋሽ ሰይድ እስከ በር ሸኙ፤ እኔን አይደለም፣ ሚሞሪውን።

ወር ሳይሞላ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ትናንት በሬ ተንኳኳ። እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ አሁን የላኳቸው ግን ጋሽ ሰይድ ናቸው። ትርፍ ጨምረው ሚሞሪውን ከእኔ መልሰው ሊገዙ ይፈልጋሉ።

ሽማግሌዎቹን አስቀመጥኳቸው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ዘመድ ላማክር» አልኩ፤ «በሳምንቱ ተመለሱ።»