ሐይቅ ላይ «ኖር!» ብዬ የተነሳሁ ዕለት

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ይቺ ለላይክ ብላ ነው» ትሉኛላችሁ። ወላሂ እውነት ነው!

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። አረብ አገር ሰባት ዓመት ስሠራ ለእናቴ አንዲት ትንሽ ውሸት ዋሽቻለሁ።

እሺ፣ ትንሽ አይደለችም።

አንድ ቀን የማዳሜን ልጆች ይዤ ባህር ዳርቻ ወጣሁ። አንዲት የቆመች ጀልባ አጠገብ ሴልፊ ተነስቼ ለእማዬ ላክሁላት። ከዚያ በቮይስ፣ «እማዬ፣ አርብ አርብ በጀልባ ነው የምዞረው። ዋናም ለምጃለሁ!»

ምን ላድርግ? በደወለች ቁጥር «ከቤት አያስወጡሽም አይደል?» እያለች ታለቅስ ነበር። አዎ፣ አያስወጡኝም ነበር። ባህሩን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማዬ ታዲያ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም። «የኔ ልጅ ባህር ላይ ነው የምትውለው!»

ይኸው አገሬ ገባሁ። እና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሐይቅ ወስደሽ በጀልባ አዙሪኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

አለቀልኝ!

ትናንት በሚኒባስ ተንገጫግጨን ደሴ አደርን፣ ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ደረስን። ቀዛፊው ትልቅ ሰው ናቸው። ዳር ዳሩን ይዘው፣ ጫካ ውስጥ ያለ ገዳም አሳዩን፤ ቦታዋ ድሮ ደሴት ነበረች። አሁን ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ሴት አይገባም ሲሉን እማዬ «ማየቱም ይበቃናል» አለች። እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር!

እኔ? ሁለት እጄ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተጣብቋል። ፈገግታዬ ግን ሙሉ ነው። «ለመድሽው አይደል?» ስትለኝ «ምን አላት ይቺ!» እላለሁ።

ልንወርድ ትንሽ ሲቀረን፣ ጢማቸው የነጣ አንድ ሼህ በታንኳ በአጠገባችን ሲያልፉ «አሰላሙ አለይኩም» አሉን።

የወሎ ልጆች፣ እናንተ ፍረዱኝ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ምን አድርጉ ተብለን ነው ያደግነው?

«ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ጀልባ ላይ!!

ሼሁ «በአላህ! ተቀመጪ! ተቀመጪ!» ብለው ሳይጨርሱ እኔ ውሃ ውስጥ ነኝ። «ሰመጥኩ! እማዬ ድረሽልኝ!» እያልኩ ውሃውን በሁለት እጄ እደበድባለሁ።

ቀዛፊው ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እስቲ ቁሚ» አሉኝ።

ቆምኩ።

ውሃው ጉልበቴ ጋ ነው።

ቀዛፊው ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሼሁም አልቻሉም፣ ሳቁ። እኔ የማየው ግን እማዬን ብቻ ነበር። ሰባት ዓመት የኮራችብኝ ነገር ጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ መስመጡ ነው።

«እማዬ፣ አፉ በይኝ። ዋና አልችልም። ጀልባም ተሳፍሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ምን?!

«ያች የላክሻት ጀልባ እኮ አሸዋ ላይ ነበረች፣ ገመዷም ግንድ ላይ ታስሯል። የታሰረና የተፈታ ከብት ስለይ የኖርኩ ሰው፣ ጀልባ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ እንዳላለቅስ ብለሽ ዋሸሽ። እኔም እንዳታለቅሺ ብዬ አመንኩልሽ። አብሽሪ፣ አሁን ነይ ውጪ፣ ይበርድሻል።»

ሼሁ ፊት፣ ቀዛፊው ፊት፣ እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ሻርፗን ደርባልኝ የዓሣ ጥብስ በላን። ከሰዓት ደግሞ «እንደገና እንዙር» አለችኝ! ዞርን። ሼሁ ሲመለሱ ዳግመኛ አገኘናቸው። ቁጭ እንዳልኩ፣ አንገቴን ብቻ ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኳቸው። ያሳደጉኝ ይቅር ይበሉኝ!

ቀዛፊውም ፎቶ አነሱን። እማዬ አየችና «ለጎረቤት የማሳየው ይቺን ነው» አለች።

ከታች ለጥፌዋለሁ። ገና ያልደረቀችው እኔ ነኝ፣ የምትስቀው እናቴ።

እናንተስ፣ ለእናታችሁ የላካችሁት ፎቶ ላይ ገመዱ ይታያል?