ሰው ሲነካው የሚቆም

ማሽንን ትሕትና የሚያስተምር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰመራ ላይ አንድ መሐንዲስ አገኘሁ። ዕቃ የሚያቀብል የሮቦት ክንድ ሠርቷል፤ ሰው ከነካው ወዲያው ይቆማል።

ሊያሳያቸው የጠራቸው የአፋር ሽማግሌ ናቸው። በአፋር ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ያገኘ ቆሞ ዳጉ ሳይለዋወጥ፣ የአገሩን ወሬ ሳይጠያየቅ አያልፍም። ሽማግሌው የብረቱን እጅ ጨበጡት፤ ቀጥ አለ። እንደ ወጉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። እስኪጨርሱ ንቅንቅ አላለም።

«አዩልኝ አባባ፣ ሰው ያከብራል» አለ መሐንዲሱ።

«አየሁ ልጄ። ቅድም በር ላይ ግን ትከሻዬን ገጭተኸኝ ዞር ሳትል አለፍክ። ፍሬኑን ሁሉ ለእሱ ገጥመህለት ለራስህ አጣህ?»

ልስቅ ስል ወደ አዋሽ የምሳፈርበት መኪና ውጭ ጡሩምባ ነፋ። ተነሣሁ፤ ለካ እኔም ከገባሁ ጀምሮ ሽማግሌውን ሰላም አላልኳቸውም።