የእትዬ ግድቤ እጅጌ

የሕዝብን ነገር «የኔ» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዱ መንገዱን ይይዛል፣ አንዱ ቧንቧውን። የኛዋ የያዙት ግድብ ነው።

ክብርት እትዬ ግድቤ ልብስ ሰፊ ናቸው። በላይኛውና በታችኛው ከተማ መሀል ባለችው የአፈር ግድብ ላይ ማንም አልሾማቸውም፤ ራሳቸው ተሾሙ። ከብት ከወጣባት ከብቱን ትተው ባለቤቱን ይነዱታል። ሲያስነጥሳቸው እንኳ «ግድቤን ምን ነካት?» ነው የሚሉት። ፊታቸው «ግድ የለም» ያለማ አለቀለት። «ዛሬ ግድ የለም ያለ፣ ነገ ግድብ የለም ይላል።»

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል የታችኛው ከተማ ሥጋ ሻጭ ሱቁን ሊመርግ ከግድቡ ጀርባ አፈር ዛቀ። ጭቃው ጥሩ ይይዛል ሲባል ጎረቤቱም ዛቀ። የላይኞቹም «እኛ የእንጀራ ልጅ ነን?» ብለው ዛቁ። ጉድጓዱ በሬ ያስተኛል።

እትዬ የስፌት መኪናቸውን አሸክመው ሄዱና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጡ።

ሥጋ ሻጩ መጣ። «እትዬ፣ ለእፍኝ አፈር ነው ይሄ ሁሉ?»

«እፍኝህ አካፋ ያክላል እንዴ ልጄ?»

«ግድ የለም፣ ዝናቡ ሲያባራ እንሞላዋለን።»

«ሲያባራማ ሱቅህን ከወንዝ ዳር ትለቅማለህ።»

የሁለቱም ከተማ የተማሪ ልብስ የሚሰፋው እሳቸው ጋ ነው። በዚያው ሳምንት ለትምህርት መዝጊያው በዓል አዲሱ ልብስ ታደለ፤ ሁሉም ባለ አንድ እጅጌ። እናቶች ተንጫጩ።

«ሁለተኛው እጅጌስ?»

«ጉድጓዱ ሲሞላ።»

ልጇን በአንድ እጅጌ የምትልክ እናት የት አለች? የላዩ በአህያ፣ የታቹ በጋሪ አፈርና ድንጋይ አመጣ። ለሠርግ እንኳ የማይጠራሩ ሁለት ከተሞች አብረው ጠቀጠቁ። እሳቸው ዳር ቆመው «እዚህ ጋ ላላ ብሏል፣ ድገሙት» ይላሉ፤ የሱሪ ወገብ የሚለኩ ነው የሚመስለው። ሥጋ ሻጩ ላቡ እየተንቆረቆረ «እኚህ ሴትዮ ከዝናቡ ይብሳሉ» አለኝ።

«ይሰሙሃል» አልኩት።

«ይስሙ» አለ፤ ድምፁን ግን ቀነሰ።

ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ውሃው እስከ አፍ ገደፉ ሞላ፤ የጠቀጠቅነው ቦታ ንቅንቅ አላለም። እትዬ ግድቤ እየበሰበሱ፣ ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ጃንጥላዬን ከኋላ ዘረጋሁላቸው።

«አንቺ ደሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውሃውን ለማየት ነው» አልኩ።

ዋሸሁ። ውሃው ከቤቴ መስኮትም ይታያል። ግን እሳቸው ታመው ቢተኙ ማን ይቆጣናል?