ቤዝህ ቤትህ ነው

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። የት ተኝቼ እንዳየሁት መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ አሁን ከተናገርኩ ግማሻችሁ ሁለተኛ አውሮፕላን አትሳፈሩም።

ንዴቴን ግን ላስቀድም፤ ሕልሙ የመጣው ከእሱ ነውና። ጭልፊት አየር መንገድ ውስጥ አብራሪ ነኝ፤ ካፒቴን ጥላዬ ይሉኛል። ድርጅቱን ያቋቋሙት የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ አብራሪዎቹን ግን ሦስት የውጭ ከተሞች ላይ አስቀምጠው ያሠሩናል። እንዲህ ያለውን ከተማ ቤዝ እንለዋለን። ዱባይ ቤዝ የተቀጠረው ፈረንጅ የእኔን ሦስት እጥፍ ይከፈለዋል፣ ቤት ይከራዩለታል፣ ስድስት ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ሎሜ ያለው እጥፌን ያገኛል። ናይሮቢ ያለነው የአገር ልጆች፣ አውሮፕላኑም ያው ሰማዩም ያው ሆኖ ሳለ፣ "የቤት ልጆች" እንባላለን። የቤት ልጅ ማለት እንግዳ በልቶ ሲነሳ የሚቀርብ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ሶልያና ቅዳሜ ሐዋሳ ላይ ልታገባ ነው ብዬ ሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ምሕረቱ፣ ከስሙ በቀር ምሕረት የማያውቅ ሰው፣ ማመልከቻዬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

"የት ለመሄድ ነው?" አለኝ።

"ቤቴ።"

"ካፒቴን፣ ቤዝህ እኮ ቤትህ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቤቴ ልሂድ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።" ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን መፈክር በአገጩ አሳየኝ። ቤዝህ ቤትህ ነው ይላል። "ደግሞ ቅዳሜ የዱባዩን የፒተርሰንን ከናይሮቢ ጅዳ በረራ የምትሸፍነው አንተ ነህ፤ እሱ ፈቃድ ላይ ነው። መንገዱ በሐዋሳ ላይ ስለሚያልፍ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከላይ ሆነህ ትመርቃታለህ።"

ቀልዶ መሰለኝ። አልቀለደም።

ፒተርሰን ፈቃዱን ይዞ የት እንደሄደ ታውቃላችሁ? የልጄ ሠርግ። እኔው ራሴ ነኝ የጠራሁት። የዱባይ ቤዝ ሰው ቢሆንም ደግ ነው፤ የእኔን መከልከል ሲሰማ ፊቱ ቀልቶ "አንተን ወክዬ እገኛለሁ" አለኝ። አመሰገንኩት፤ ምን ልበል? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ ወደ ሕልሙ።

አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። አውሮፕላኖቹ ፓስፖርት ይዘው ተሰልፈዋል። ሻንጣዎች ሰው እየጎተቱ ይገባሉ። አንዱ ሻንጣ ባለቤቱን ሚዛን ላይ አውጥቶ "አምስት ኪሎ ትርፍ አለው" ሲባል፣ ሳያቅማማ የሰውየውን ኮትና ጫማ አስወልቆ ጣለው። ማንም አልተገረመም። እኔም ስላልገረመኝ አልፌ ወደ ሕክምና ክፍል ገባሁ፤ ከበረራ በፊት የድካም ምርመራ አለብኝ። መርማሪው ነጭ ጋውን የለበሰ አውራ ዶሮ ነበር።

"ከተኛህ ስንት ሰዓት ሆነህ?" አለኝ።

"ሃያ ሁለት።"

"እኔን እየኝ። ክንፍ ይዤ ነው የተወለድኩት። አንድ ቀን በርሬ አላውቅም፣ አንድ ቀንም ደክሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ክንፍ ያለው ሁሉ አይደክመውም።"

"አንተን ስለ በረራ እንድትወስን ማን ሾመህ?"

"አጥር ላይ ወጥቼ አውቃለሁ። ከቢሮው ሰዎች መካከል ያን ያህል ከፍ ያለ አልተገኘም።"

ቅጹን በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ "ለመብረር ብቁ" ብሎ ፈረመ። በዚህ መሃል ከበሩ ጀርባ አንዲት ሴት "ቤቶች!" ስትል ሰማሁ። ልከፍት ስል ዶሮው በክንፉ ከለከለኝ። "ተዋት፣ ቀጠሮ የላትም" አለ።

በሌላ በር ስወጣ ጠረጴዛ ተዘርግቶልኝ ኃላፊዎች በሙሉ ፊቴ ተሰልፈዋል። ከአብራሪ ፈቃድ የሚለምኑት እነሱ ናቸው። ከፊት የቆመው አቶ ምሕረቱ ነበር፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ቁመቱ ከወትሮው አንሷል።

"ጌታዬ" አለኝ፣ "ከቢሮ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ልጆቼ መልኬን ረስተዋል። ለአንድ ምሳ ብቻ ቤቴ ልሂድ።"

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የተቃጠልኩትን ያህል ላቃጥለው ፈለግሁ። ከዚያ ዐይኖቹን አየሁና፣ መስተዋት ላይ የማውቃቸው የእኔው የቀሉ ዐይኖች ሆነው አገኘኋቸው። ልፈቅድለት ማኅተሙን አነሳሁ። ወረቀቱ ላይ ሳሳርፈው ግን የወጣው "ቤዝህ ቤትህ ነው" የሚል ነው። ደግሜ መታሁ፤ ያው ነው። መሳቢያውን ከፍቼ ሌላ ማኅተም ፈለግሁ፤ ሁሉም ያንኑ ይላሉ።

"ሌላ የለም?" ብዬ ጮህኩ።

"ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ" አለ አቶ ምሕረቱ፣ እያለቀሰ። "ሌላ አላስቀረጽኩም።"

ትቼው ሮጥኩ። ሰዓቴ ስድስት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይላል፤ ሠርጉ ስድስት ሰዓት ነው። አውሮፕላኔ በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬ የእኔ ዕረፍት ነው፤ ተሸከመኝ" አለኝ። ተሸከምኩት። መቶ ስልሳ ሁለት መንገደኛ ጀርባዬ ላይ ሆኖ፣ በሞያሌ ገብቼ፣ ዲላን አልፌ፣ በይርጋለም መንገድ ወደ ሐዋሳ ዘለቅሁ። መንገደኞቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ካፒቴን፣ ቀስ በል፣ ይንጠናል" ይሉኛል። አንዱማ ብርድ ልብስ ጠየቀኝ።

የሠርጉ ቤት ሐይቁ ዳር ነበር። አውሮፕላኑን ዋርካ ሥር አሳርፌ በሩን መታሁ።

"ቤቶች!"

"ማነው?" አለ የአውራ ዶሮው ድምፅ፣ ከውስጥ።

"የሙሽራዋ አባት ነኝ።"

"አባትነትህ በየትኛው ቤዝ ነው?"

"አባትነት ደግሞ ምን ቤዝ አለው?"

"የዱባይ አባት ከሙሽራዋ ጎን ይቀመጣል። የሎሜ አባት ድንኳን ውስጥ ይበላል። የቤት አባት ደግሞ በጓሮ በኩል ይዞርና ድስት ያጥባል።"

"እኔ እኮ ነኝ የወለድኳት!"

"እንግዲያውስ የቤት አባት ነህ። በጓሮ ዙር።"

በመስኮት አጮልቄ አየሁ። ሶልያና ነጭ ለብሳለች። እናቷ ከጎኗ ናት። በእኔ ቦታ፣ የእኔን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ትልቅ አልጋ ላይ ተንፈላሶ የተቀመጠው ፒተርሰን ነው። ልብሱ እጁ ላይ አጥሮበታል። ደረቱ ላይ "አባት በኮንትራት፣ ስድስት ሳምንት ከሁለት" የሚል መታወቂያ ተንጠልጥሏል። የእኔ ስም የተጻፈበት ወንበርም ነበር፤ ጥግ ላይ፣ ከእግሩ እስከ መደገፊያው የቀጋ እሾህ የበቀለበት።

ሙሽሮቹ ተነሥተው ጎንበስ አሉ። ጉልበት ሊስሙ ነው። ልጄ ዝቅ ብላ የፒተርሰንን ጉልበት ሳመች። እሱም አፍሮ፣ ምርቃቱን ከወረቀት ላይ እያነበበ፣ "ውለዱ ክበዱ" ለማለት "ውለዱ ውረዱ" አለ። ሰው ሁሉ "አሜን" አለ።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራው የማን ጉልበት ነው? ለሥራ ሲሆን የእኔ ጉልበት፣ ለመሳም ሲሆን የእሱ ጉልበት? መስኮቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ሶልያና ቀና አለች። አየችኝ።

"አባዬ" አለች፣ "ከላይ ታየኛለህ ተብሎ አልነበር? ስድስት ሰዓት ተኩል እኮ ሆነ፤ ቀና ብዬ ስጠብቅህ አንገቴን አመመኝ።"

"መጣሁ፣ ልጄ፣ በሩን ክፈቱልኝ።"

ከየት እንደሆነ ያላወቅሁት እልልታ ከኋላዬ ተነሣ፤ ጭብጨባም አብሮት። ከዚያ በሩ ተደበደበ። የምደበድበው እኔ ነኝ ብዬ እጄን ባየው አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ሴት፣

"ቤቶች! ኧረ ቤቶች!" አለች።

ነቃሁ።

ወንበሬ ላይ ነኝ። በግራው ወንበር፣ በአብራሪው ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ ሰባት ሺህ ጫማ ላይ። አውሮፕላኑ ራሱን በራሱ እያበረረ ነው። ከቀኜ ረዳት አብራሪዬ በረከተአብ፣ እሱም የቤት ልጅ ነው፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ሬዲዮው የበረራ ቁጥራችንን ይጠራል፤ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ እንጃ። ሰዓቱ ሰባት ከአምስት ይላል።

ለሬዲዮው መልስ ሰጥቼ በሩን ከፈትኩ። የበረራ አስተናጋጇ ትርሲት ናት። ደንቡ በየሃያ ደቂቃው ደውላ መንቃታችንን እንድታረጋግጥ ያዛታል፤ መፈክሩ ከተለጠፈ ወዲህ "ሃሎ" ማለት ትታ "ቤቶች!" ነው የምትለው፣ ለቀልድ።

"ምነው ስልክ አታነሱም? ልቤ ሊወጣ ነበር" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ከዚያ በረከተአብን አየችው፤ እንዳላየች ሆና ፊቷን መለሰች። "ሐዋሳ ላይ ስንደርስ የካፒቴናችን ልጅ እታች ሙሽራ ናት ብዬ በድምፅ ማጉያ ተናገርኩ እኮ። መንገደኛው ሁሉ በመስኮት እያየ አጨበጨበላት፣ ከኋላ ያሉት እናቶች እልል አሉ። ሐይቁ እንዴት ጥርት ብሎ ይታይ ነበር!"

በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ፤ ሐይቁ ከኋላችን ቀርቷል።

"ካፒቴን፣ አዩዋት አይደል?"

"አየኋት" አልኩ።