ጣሪያ ላይ ሆኜ «ደህና ነኝ» ያልኩ ዕለት

ወገን፣ ዛሬ ሰቆጣ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር በነፃ አይቶ ሄዷል። እኔን! ጣሪያ ላይ በሆዴ ተጋድሜ!

ላስረዳ።

የአንድ የንግድ ህንፃ አስተዳዳሪ ነኝ። ጣሪያ እስኪያፈስ መጠበቅ አልወድም። ክረምት ሳይገባ አሸንዳው ይጠረጋል፣ የላላ ሚስማር ይቀየራል፣ ዝገቱ ተፍቆ ይቀባል። በየዓመቱ! (ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን ሁሉ ካልሠራበት እንቅልፍ አይወስደውም። ታዝባችሁ እለፉኝ።)

ዛሬ ራሴ ወጣሁ። ከእትየ ሰዓዳ ጨርቅ መደብር በላይ ካለው ቆርቆሮ አሮጌውን ሚስማር ነቃቅዬ ጨረስኩ። አዲሱን ከታች ላመጣ ዞር አልኩ።

መሰላል የለም!

ጥበቃው ጋሽ ኪሮስ ወስደው ቆልፈውበታል። ለምን? «ጠባቂ የሌለው መሰላል ግድግዳ ላይ እንዳይተው» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ስላለ። ማን ለጠፈው? እባካችሁ አትጠይቁኝ።

ስልኬ ቢሮ ቻርጅ ላይ ነው። ጩኺ ትሉኝ ይሆናል። እኔ? ባጃጅ ላይ «ወራጅ» ማለት አፍሬ ቤቴን አልፌ የምወርደው?

በዚህ መሃል ከጋዝጊብላ ወረዳ የመጡት ዘመዳችን አያ ሲሳይ በግ እየነዱ ሲያልፉ ቀና አሉ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!»

«ቤተሰብ ደህና?»

«ሁሉም ደህና! እርስዎስ?»

«ተመስገን። በርቺ!»

ሄዱ። በርቺ!!

ወዲያው ደመናው መጣ። ነፋሱም። ሚስማር የሌለው ቆርቆሮ እንደ መጽሐፍ ሊገለጥ ተነሳ። ከሥሩ እትየ ሰዓዳ ለበዓል ያስመጣችው ጨርቅ በሙሉ አለ።

ምን ላድርግ? ተኛሁበታ! ዝናቡ ጀርባዬን ይወቅጠዋል፣ እኔ ቆርቆሮ አቅፌያለሁ።

አያ ሲሳይ በጉን ሸጠው ተመለሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ገና እዚያው ነሽ? ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስ…»

ቆርቆሮው ከነእኔ ተነሳ።

«ደህና አይደለሁም!!!»

ገበያው ሁሉ ቀና አለ። በጎቹ ሳይቀሩ።

«ታዲያ ቅድም አትናገሪም?» አሉ አያ ሲሳይ፣ ተቆጥተው።

ጋሽ ኪሮስ መሰላሉንም ሚስማሩንም ይዘው ወጡ። አጠገቤ እየመቱ፣ «አንቺው አይደለሽ የለጠፍሽው?» ይሉኛል። እኔ ሚስማር አቀብላለሁ።

ስወርድ እትየ ሰዓዳ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጠበቀችኝ። «ጨርቄን ጠብታ አልነካውም። አንቺን ግን ገመድ ላይ ማስጣት ነው!»

እንግዲህ ከአሸንዳና ከሚስማር ቀጥሎ አዲስ መመሪያ ልለጥፍ ነው፦ ጣሪያ ላይ ያለ ሰው «ደህና ነኝ» ቢል እንዳይታመን።

አሁን ቤቴ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እያነጠስኩ ነው። እትየ ሰዓዳ ደውላ «ደህና ነሽ?» አለችኝ።

ምን ያልኳት ይመስላችኋል?