ጓድ ወዬሳ የረገጡት ድንጋይ

የሰው ሥራ ዓይኑን የማይሞላው አንድ ሰው ያልተመደበበት ቀበሌ በኢትዮጵያ የለም። ወጥ ሲሠሩለት ጨው አነሰው ይላል፤ አጥር ሲያጥሩለት ጠመመ ይላል፤ ሙሽራ ሲያሳዩት እንኳ አንገቷ አጠረ ሳይል አይመለስም። ከአቦምሳ በላይ ላለው ዳገት የደረሱት ጓድ ወዬሳ ናቸው፤ የእርከን ሥራ ተቆጣጣሪ፣ የድንጋይ ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

በሰባ ሰባት ድርቁ አፈሩን አመድ አደረገው፤ በዓመቱ ደግሞ ዝናቡ ያንን አመድ ይዞት ወረደ። ዳገቱን የሰነጠቀው ቦረቦር በየጎርፉ ወደ መንደሩ እየቀረበ መጣ። መንግሥት እርከን ለሚሠራ ገበሬ የአስቸኳይ ጊዜ ስንዴና ዘይት እሰጣለሁ አለ። ስንዴው የሚጫነው ከናዝሬት ነው፤ የሚሰፈረው ግን እርከኑ በጓድ ወዬሳ እግር ሲያልፍ ነው።

ዘውድነሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የሚቀምሱት ያጡ ሴት ነበረች። ቤቷም ልክ ከቦረቦሩ አፍ ሥር ነው። ስለዚህ ሰውዬውን ከሁሉም አብልጣ ትጠላቸው ነበር። ስትክብ ውላ ወገቧን ቀና ስታደርግ ከኋላዋ ይደርሳሉ። በረባሶ ያጠለቀ እግራቸውን ያነሡና የላይኛውን ድንጋይ በጎኑ አንዴ ይመቱታል። ድንጋዩ ተንከባልሎ ይሄዳል።

«ቆሟል እንጂ አልተቀመጠም» ይላሉ።

ሥራውን ሊያይ ከናዝሬት የሚመጣው የእርሻ ባለሙያ ይበቃል ቢላቸውም አይሰሙም። ቦረቦሩንም እንደ ሰው ያነጋግሩት ነበር። አፋፉ ላይ ቆመው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ይሉትና መልስ የሚጠብቁ ይመስል ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ሴቶቹ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ዘውድነሽ፣ ልታሾፍባቸው ብላ፣ ምን አለዎት አለቻቸው።

«ቤትሽን ያውቀዋል» አሏት።

ከዚያ ወዲያ መሳቋን ተወች።

በበልጉ ማብቂያ ጓድ ወዬሳን ወባ ገደላቸው። ዳገቱ አናት ላይ ተቀበሩና እንደ አገሩ ወግ መቃብራቸው ላይ ድንጋይ ሊካብ ሆነ፤ የመጀመሪያውን ደፍሮ የሚያስቀምጥ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ዘውድነሽ አንዱን አኖረችና ሳታስበው እግሯን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የስንዴው መኪና ነገ ይገባል ተባለ። ዘውድነሽ፣ ከእንግዲህ ማን ይረግጥብኛል ብላ፣ የቀራትን እርከን በጥድፊያ ጨረሰች፤ ሆዱን በአፈር ሞልታ ፊቱን ብቻ በድንጋይ አሳመረችው። ባለሙያው በሩቁ አይቶ አሳለፈላት።

በማግሥቱ ማለዳ ጉሙ ዳገቱን እንደሸፈነው ከረጢቷን ይዛ ስንዴው ወደሚሰፈርበት ስትወጣ ከላይ የምታውቀው ድምፅ መጣ፤ በረባሶ ድንጋይ ሲመታ፣ ከዚያ ድንጋዩ ሲንከባለል። ስትደርስ ሰው የለም። የጎረቤቷ የእልፍነሽ እርከን እንዳለ ቆሟል። የሷ ግን ተንዷል፤ ያውም አፈር የሞላችበት ቦታ ላይ ብቻ። አልፋ ብትሄድ ስንዴዋን የሚከለክላት አልነበረም። እሷ ግን ከረጢቱን ለእልፍነሽ ሰጥታ ተቀበይልኝ አለችና ካቡን ከሥሩ አፍርሳ እንደገና ጀመረችው።

ሐምሌ ላይ ያ የሚፈራው ጎርፍ መጣ። ቦረቦሩ ሲያጓራ ዋለ፤ ልጆቿ ደጃፍ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያያሉ። ውሃው የእናታቸው እርከን ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ደከመ፤ ደለሉን እዚያው ጥሎ ወደ ጎን ታጠፈ።

ከዚያ ወዲህ በዳገቱ ላይ የዘውድነሽን ያህል አጥብቆ የሚክብ አልተገኘም፤ የሰዉንም ሥራ ትነቅፍ ጀመር ይሏታል። አንድ ነገር ግን ለእልፍነሽ አልገባትም። ዘውድነሽ አመሻሽ ላይ ስትጨርስ ከላይኛው ረድፍ አንዱን ድንጋይ ሆን ብላ ሳታጠብቅ ትተወዋለች። ጠዋት ወድቆ ታገኘዋለች፤ እንደምን አደሩ ብላ ታነሣውና በደንብ ታስቀምጠዋለች። እልፍነሽ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ብትጠይቃት፣ ዘውድነሽ አፈሩን ከእጇ አራገፈች።

«እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው» አለቻት።